አይ-70 ላይ በበረዶ ወራት መሥራት ልጀምር ነው፦ ቼን፣ ቁልቁለትና ናፍጣ ላይ ምክራችሁን

ከዳላስ_የመጣው

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የሠራሁት ቴክሳስና ሉዊዚያና ሜዳው ላይ ነው። አሁን ቤተሰብ ይዤ ወደ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ስለዞርኩ ከኖቬምበር ጀምሮ ተራራውን በሚያቋርጠው አይ-70 አውራ ጎዳና ከዴንቨር ወደ ግራንድ ጃንክሽንና ሶልት ሌክ ሲቲ ልመላለስ ነው። መኪናው ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ ሁለቱም የኋላ አክስሎች የሚያዞሩ፣ ተሳቢው 53 ጫማ ድራይ ቫን (የተዘጋ ሳጥን)። ስሄድ ጭነቱ ከባድ ነው፣ ስመለስ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ወይም ቀላል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቼን (የጎማ ሰንሰለት) ስንት ልያዝ፣ መቼስ ነው የሚታሰረው? ቁልቁለት ላይ ጄክ ብሬክ (የሞተር ፍሬን) ተጠቀም የሚልም አለ፣ በበረዶ እንዳትነካው የሚልም አለ፤ የቱ ነው ትክክሉ? ሌሊት ተራራ ላይ ሳድር ናፍጣውና ፍሬኑ እንዳይቀዘቅዙብኝ ምን ላድርግ? ዩቲዩብ ላይ ያለው እርስ በርሱ ስለሚጋጭ እዚያው መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ሮኪ_ሾፌር

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ቼኑን እኔ ልመልስልህ፤ በረዶ ሳይወርድም የሚያስቀጣህ እሱ ነውና።

ኮሎራዶ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ አይ-70 ላይ ከዶትሴሮ (ማይል 133) እስከ ሞሪሰን (ማይል 259) ባለው መንገድ የሚያልፍ የንግድ መኪና ሁሉ ቼን መያዝ አለበት። ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆን፣ አስፋልቱም ደረቅ ቢሆን ግዴታው አይቀርም። በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ የመያዝ ግዴታውን ወደ ሌሎች የተራራ መንገዶችም አስፍቶታል፤ ስለዚህ «እኔ የምሄደው በሌላ መንገድ ነው» ብለህ ቼኑን ቤት ትተህ አትውጣ። ሳትይዝ ከተገኘህ ቅጣቱ 50 ዶላርና የ17 ዶላር ጭማሪ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። እሰሩ ተብሎ ሳታስር ከሄድክ 500 ዶላርና 79 ጭማሪ፣ ባለማሰርህ መንገድ ከዘጋህ ደግሞ 1,000 ዶላርና 157 ጭማሪ ይሆናል። ሠራተኛም ሁን ባለመኪና፣ ቅጣቱ የሚጻፈው በሾፌሩ ስም ነው።

ሁለት ድራይቭ አክስል (ሞተሩ የሚያዞረው አክስል) ላለው መኪና በተለምዶ የሚታሰረው የውጪዎቹ 4 ድራይቭ ጎማዎች ላይ ነው። አንተ ግን 6 ነጠላ ቼን ያዝ። አንዱ መንገድ ላይ ሊበጠስ ይችላል፤ ወደ ኦሪገን ወይም ካሊፎርኒያ የሚወስድ ጭነት ካገኘህ ደግሞ እነሱ ተሳቢው ላይም ይጠይቃሉ። ከመግዛትህ በፊት የጎማህን ጎን አንብብ። 295/75 ባለ 22.5 ጎማና 11 ባለ 22.5 ጎማ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ እንጂ ልካቸው አንድ አይደለም። ሰፊ ቼን ስትነዳ ይለቅና እየተወነጨፈ መከላከያውን ይደበድባል፣ የአየር ቱቦም ይቆርጣል። በቼን ፋንታ ጎማው ላይ የሚለበሰው የጨርቁ ሶክ በኮሎራዶ ይፈቀዳል፣ ለመልበስም ይፈጥናል፤ በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ ግን ወዲያው ይበላል። ረጅም ዳገት ላለው ሥራ ብረቱን እመርጣለሁ።

አስተሳሰሩን ቤትህ ደጃፍ በደረቅ ቀን ተለማመደው። መጀመሪያ ቼኑን መሬት ላይ ዘርጋና የተጣመመውን ሁሉ ፍታ። ጎማው ላይ ስትጥለው ማጥበቂያ ካሞቹ ወደ ውጪ፣ የመስቀለኛ ሰንሰለቶቹ ለስላሳ ጎን ወደ ጎማው፣ የመንጠቆዎቹ አፍ ከጎማው ተቃራኒ ይሁን። አፉ ወደ ጎማው ከዞረ ጎኑን እየፋቀ ይቆርጠዋል። የውስጡን መንጠቆ አስቀድመህ ያዝ፤ እሱ ሳይያዝ የውጪውን ካጠበቅክ ውስጡ እንደላላ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ እጅህም አይደርስለትም። ቀጥሎ የውጪውን ሳብ፣ ካሞቹን በቁልፋቸው አዙር፣ በመጨረሻም ጎማ ላስቲኩን ዙሪያውን ወጥረህ ስቀል። ግማሽ ማይል ያህል ንዳና አመቺ ቦታ ላይ ቆመህ እንደገና አጥብቅ። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘል ሰው ነው ቼን የሚበጥሰው። ቼን ታስሮ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አትሂድ፤ በረዶው አልቆ አስፋልት ሲጀምርም ወዲያው ፍታው።

የምታስረው ለቼን ተብሎ በተዘጋጀው ሰፊ ዳር ላይ ብቻ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበስ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብራ፣ ታኮ አስገባ። የግራውን ጎማ ስትሠራ ፊትህን ወደሚመጣው መኪና አድርግ። ጓንቱ ውኃ የማያስገባ፣ በላስቲክ የተለበጠ ይሁን፤ የጨርቅ ጓንት በሁለተኛው ጎማ ላይ ረጥቦ ጣትህን ያደነዝዘዋል። የራስ ባትሪና የምትንበረከክበት ምንጣፍ ጨምር። ቼን እሰሩ የሚለው ምልክት ሲበራ ደግሞ ከፊትህ ያለው ዳገት ላይ መኪና መሸራተት ጀምሯል ማለት ነውና «ትንሽ ልሞክር» አትበል። ዳገት መሀል የቆመ መኪና ላይ ቼን ማሰር እጅግ አደገኛ ነው።

ሊማሊሞ_ታርማበር

ሰላም ወንድሜ፣ ቁልቁለቱን በተመለከተ እኔ ልጻፍ።

ሀገር ቤት አባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የወረደ ሾፌር ዋናውን ነገር ያውቀዋል፦ ማርሽ የሚያዘው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። አንተም ከአይዘንሃወር ዋሻ ምዕራባዊ በር (11,158 ጫማ) ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርድ፣ ወደ 8 ማይል የሚጠጋና እስከ 7 ከመቶ የሚደርስ ቁልቁለት ስለሚጠብቅህ ዋሻው ውስጥ እያለህ ካምቢዮውን ወደ ማኑዋል አዙር፣ ለትራክ በተጻፈው ፍጥነት የሚይዝህን ማርሽ ያዝና እንዳይቀይርብህ አድርግ። አውቶማቲኩን ብቻውን ከተውከው ወደ ላይ ሊቀይር ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍሬኑም ይግላል።

ጄክ ብሬክን በተመለከተ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ የሚለያየው የመንገዱ ሁኔታ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ፣ ከባድ ጭነት ይዘህ፣ ሙሉውን ተጠቀም፤ ፍሬንህን የሚያድንልህ እሱ ነው። መንገዱ ሲያንሸራትት ግን ጄክ የሚይዘው የድራይቭ ጎማዎቹን ብቻ ነው። እነሱ ሲቆለፉ ተሳቢው ከኋላ መግፋቱን አያቆምም፣ መኪናው መሀል ላይ ይታጠፋል፤ ጃክናይፍ የሚባለው ይህ ነው። ባዶ ስትመለስ ደግሞ ድራይቭ ጎማው ላይ ያለው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ይህ የሚመጣው ቶሎ ነው። ስለዚህ በረዶ ወይም ዝናብ ያለው መንገድ ላይ ጄኩን አጥፋ፤ ክሩዝ ኮንትሮሉንም እንዲሁ። ፍጥነትህን ለደረቅ መንገድ ከምትይዘው ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ማርሹንም ዝቅ አድርግ፣ ከዚያ በእግር ፍሬን ብቻ ሥራ። የእግር ፍሬኑ የመኪናውንም የተሳቢውንም ጎማ አብሮ ስለሚይዝ መስመርህን አይስትም።

የእግር ፍሬን አጠቃቀሙ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) መጽሐፍ ላይ እንዳለው ነው። 40 ልትሄድ ወስነህ ከሆነ 40 ሲደርስ እስከ 35 ድረስ ተጫን፣ ልቀቅ፣ እንደገና 40 ሲደርስ ድገም። አንድ አጫጫን 3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እግርህን እንደጫንክ ቁልቁለቱን ሁሉ መውረድ የፍሬኑን ታምቡር ያግለዋል፤ ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬኑ ሸራ ይርቀዋል፣ ፔዳሉም ምንም ብትጫነው አይዝልህም። አንሸራታች ላይ አጫጫንህ ለስላሳ ይሁን፣ ከፊትህ ያለውን ርቀትም ቢያንስ እጥፍ አድርገው።

በዚሁ ቁልቁለት ላይ በቀኝ በኩል ፍሬን ላጣ መኪና የተዘጋጁ ሁለት የማምለጫ መወጣጫዎች አሉ። የት እንዳሉ ሳትወርድ ካርታ ላይ እያቸው። ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከረዘመ የመጀመሪያውን ያዝ፤ ሁለተኛው እስኪደርስ አትጠብቅ። መኪና ይጎዳል፣ ሰው ይተርፋል። ዴንቨር አቅራቢያ ከጄኔሲ ወደ ሞሪሰን የሚወርደውም እንዲሁ አታላይ ነው፤ ተራራውን የጨረስክ ይመስልሃል፣ ከታች ደግሞ የከተማ ትራፊክ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ጥቁር በረዶ በዓይን አይታይም። ከፊትህ ያሉትን መኪኖች ጎማ ተመልከት፦ መንገዱ እርጥብ ሆኖ እያለ ከጎማው የሚረጨው ውኃ በድንገት ከቆመ መንገዱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። የስፖኪዮህን የፊት ጠርዝም እይ፤ እዚያ ቀጭን በረዶ መጋገር ከጀመረ አስፋልቱ ላይም ጀምሯል። ሙቀቱ ዜሮ ፋራናይት ሲሆን በረዶው ደረቅ ነው፣ ጎማ ይይዘዋል። የምትፈራው ከ28 እስከ 34 ዲግሪ ያለውን ነው፤ በተለይ ድልድይ ላይና ፀሐይ የማያገኘው የተራራ ጥላ ውስጥ።

ሁለቱን አክስሎች የሚያያይዘውን ሎክ የምታስገባው ጎማው መንሸራተት ሳይጀምር፣ በዝግታ እያለህ ነው። አንደኛው ጎማ እየተሽከረከረ ካስገባኸው ማርሾቹን ይሰብራል። ደረቅ አስፋልት ስትደርስ አውጣው።

መካኒክ_አውሮራ

ናፍጣውን ለኔ ተዉልኝ፤ ከቴክሳስ ለሚመጣ ሰው ትልቁ ወጥመድ እሱ ነው። ደቡብ ላይ የሚሸጠው ቁጥር 2 ናፍጣ ለብርድ አልተዘጋጀም። ከ20 እስከ 10 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ውስጡ ያለው ሰም ይደፈርሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ከዳላስ ሁለቱን ታንክ ሞልተህ መጥተህ ተራራ ላይ አትደር። ታንኩ ጎደል ብሎ ድረስና ኮሎራዶ ወይም ዋዮሚንግ ሙላ፤ እዚህ ያሉ ማደያዎች በዊንተር ከቁጥር 1 ጋር የተቀላቀለ ወይም የታከመ ናፍጣ ይሸጣሉ። ቁጥር 1 ጉልበቱ ስለሚያንስ በጋሎን የምትሄደው ማይል ትንሽ ይቀንሳል። ይህ የሞተር ብልሽት አይደለም።

ፓወር ሰርቪስ ከሚባለው የናፍጣ መጨመሪያ ነጩ ጠርሙስ መከላከያ ነው፣ ቀዩ ማዳኛ ነው። ነጩን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ነዳጅ ከመሙላትህ በፊት ታንኩ ውስጥ ጨምር፤ የሚገባው ናፍጣ እየመታ ይቀላቅለዋል። አንዴ ሰም ከሠራ በኋላ ነጩ አይረዳህም። ሁለት ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ከነመፍቻው መኪናው ውስጥ ይኑር። የውኃ መለያውን በየጊዜው አፍስስ፤ ብዙ ሰው ሰም ነው የሚለው ፊልትሮው ውስጥ የቀዘቀዘ ውኃ ሆኖ ይገኛል።

ምልክቱ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ነው። ያን ጊዜ ሳይጠፋ መውጫ ፈልግ። ከጠፋ ግን ስታርተሩን ደጋግመህ አትጨፍጭፍ፤ በአንድ ጊዜ ከ30 ሰከንድ አይበልጥ፣ በየመሀሉ 2 ደቂቃ አሳርፈው። ፊልትሮውን ቀይር፣ ቀዩን በታንኩና በፊልትሮው በጽሑፉ መሠረት ጨምር፣ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቅና አስነሳ። ማታ ማደሪያህ መብራት ካለው የሞተር ማሞቂያውን ሰካ። ታንኩን ከግማሽ በታች አታውርድ፤ መንገድ ሲዘጋ ሰዓታትን ቆመህ ሞተር ማስነሳት ይኖርብሃል።

ዴፍ (የጭስ ማጣሪያው ፈሳሽ) በ12 ፋራናይት ይቀዘቅዛል። አትደንግጥ፣ መኪናው ራሱ በሞተሩ ሙቅ ውኃ ያቀልጠዋል። ምንም ነገር አትጨምርበት፤ እስከ አፉም አትሙላው፣ ሲቀዘቅዝ ያብጣል።

አሁን ፍሬኑ። ሁለት ዓይነት መቀዝቀዝ አለ፣ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አንደኛው አየሩ ውስጥ ያለ ውኃ ቱቦና ቫልቭ ውስጥ ሲጋግር ነው። መፍትሔው ከዊንተር በፊት የአየር ማድረቂያውን ካርትሪጅ መቀየር፣ ማሞቂያው መሥራቱን ማየት፣ የአየር ታንኮቹንም በየቀኑ ማፍሰስ ነው። ስታፈስ የሚወጣው ወተት የመሰለ ዘይት ከሆነ ኮምፕረሰሩ ዘይት እያሳለፈ ነውና ማድረቂያው ብቻውን አያድንህም።

ሁለተኛው እርጥብ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ሲጣበቅ ነው። በረዶ ውስጥ ስትነዳ ከቆየህ በኋላ ፍሬኑ ሙቅና እርጥብ እንደሆነ ብትይዘው ጠዋት እንደ ብየዳ ተጣብቆ ታገኘዋለህ። ወደ ማደሪያው ስትቃረብ በዝግታ እየሄድክ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ብዙ ጊዜ ነካ ነካ አድርግ፣ ይደርቃል። ቦታው ፍጹም ሜዳ ከሆነ የመኪናውን ብቻ ያዝ፣ ተሳቢውን ልቀቀው፣ ታኮ አስገባ። ቁልቁለት ላይ ይህን አታድርግ።

ጠዋት ስትነሣ ፍሬኑን ልቀቅና በጣም ቀስ ብለህ ጥቂት ጫማ ወደፊት ሂድ፤ በሁለቱም ስፖኪዮ የተሳቢው ጎማዎች ሁሉ መዞራቸውን እይ። በረዶው ላይ የጎማ ጥርስ ምልክት ሳይሆን ለስላሳ መስመር እየጎተተ የሚያሰምር ጎማ አልተለቀቀም። ወዲያው ቁም። ታኮ አስገብተህ፣ መኪናውን ይዘህ፣ ተሳቢውን ለቀህ ታምቡሩንና የፍሬኑን ጫማ (ሸራው ያለበትን ብረት) በመዶሻ ምታ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት በሦስት ምት «ጠቅ» ብሎ ይለቃል። ካልሆነ ወደኋላና ወደፊት በጥቂቱ ወዝውዝ። ሙቅ ውኃ ግን ፈጽሞ አታፍስስ፣ ተመልሶ ይጋግራል። እየጎተትክ ከወጣህ ደግሞ ጎማው በጥቂት መቶ ጫማ ውስጥ ሜዳ ይወጣለታል፣ አራት ጎማ ገዛህ ማለት ነው።

ከዳላስ_የመጣው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩት። ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዱ በአይ-70 ፋንታ በዋዮሚንግ አይ-80 ሂድ፣ ሜዳ ነው ይለኛል፤ ይሻላል? ሌላው ደግሞ፣ ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድበኝ ሰው) «ሎዱ ሰዓቱን እንዳያልፍ» እያለ ቢገፋኝ ሕጉ ከማን ጋር ነው?

ሲያትል_ሾፌርዋ

ወንድሜ፣ አይ-80 ዳገቱ ያንሳል እንጂ አይሻልም፤ ለአንተ ደግሞ በተለይ ስትመለስ። ከራውሊንስ እስከ ላራሚ፣ ኤልክ ማውንቴንና አርሊንግተን አካባቢ፣ ንፋሱ ባዶ ቫን ይገለብጣል። «ቀላልና ቁመተ ረጅም ተሽከርካሪ አያልፍም» የሚለው ምልክት ሲበራ ባዶ 53 ጫማ ማለት አንተ ነህ። የሚጠይቁት ክብደትህን ነው፤ «ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» ማለት ንፋስ ላይ አይሠራም። ስለዚህ መንገዱን የምትመርጠው በጭነቱ ነው፦ ከባድ ስትሆን አይ-80 ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ስትሆን የንፋሱን ትንበያ ሳታይ ከሶልት ሌክ አትውጣ። የመንገዱን ሁኔታ የየስቴቱ የመንገድ መረጃ አገልግሎት 511 ይነግርሃል፤ የኮሎራዶው ድረ ገጽ ኮትሪፕ ካሜራዎቹንም ያሳያል።

ወደኛ ከመጣህ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1 ቼን መያዝ ግዴታ ነው፣ ከሚታሰረው በላይ ሁለት ትርፍ ጨምሮ። እዚያ ያለው የስኖኳልሚ ተራራ መተላለፊያ 3,022 ጫማ ብቻ ስለሆነ ኮሎራዶን የለመደ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ሙቀቱ 32 ላይ እየዋዠቀ በረዶውና ዝናቡ ስለሚፈራረቁ ይበልጥ ያንሸራትታል። ኦሪገን ላይ ፔንድልተን አጠገብ ያለው ካቤጅ ሂልም በ6 ማይል ውስጥ 2,000 ጫማ ያህል ይወርዳል፣ ኩርባው ሹል ነው፣ ጭጋግም አለው።

ስለ ዲስፓቸሩ፦ ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። የፌዴራሉ ደንብ 392.14 መንገዱ ለመንዳት እጅግ አደገኛ ከሆነ መንዳት ይቁም ይላል፤ ውሳኔው የሾፌሩ ነው። ኩባንያው ወይም ጭነት አስጫኙ ደንብ አስጥሶ እንዲያስነዳህ ማስገደድ ራሱ የተከለከለ ነው፤ ከተገደድክ በ90 ቀን ውስጥ ለኤፍኤምሲኤስኤ (የፌዴራሉ የጭነት መኪና ደኅንነት ተቆጣጣሪ) ማመልከት ትችላለህ። እምቢ በማለትህ ከሥራ ካባረሩህ ደግሞ ለኦሻ (የፌዴራሉ የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ለማመልከት ያለህ ጊዜ 180 ቀን ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ አትከራከር። «መንገዱ እንዲህ ነው፣ ቼን ሕጉ በርቷል፣ እዚህ ማይል ላይ በደህና ቆሜያለሁ» ብለህ በጽሑፍ ላክ፣ የምልክቱን ፎቶ ጨምር። እንዲያስገድድህ ከፈለገ እሱም በጽሑፍ ይበል፤ አብዛኛው ያን ጊዜ ዝም ይላል።

ሰዓቱን በተመለከተ መጥፎ አየር ሲያጋጥም 2 ሰዓት ተጨማሪ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ፤ ከ2020 ወዲህ የ14ቱንም ሰዓት መስኮት (ሥራ ከጀመርክ በኋላ መንዳት የሚፈቀድበትን ጊዜ) በ2 ያሰፋል። ግን የሚሠራው ከመነሣትህ በፊት ሊታወቅ ላልቻለ ሁኔታ ነው። ትናንት ማታ የተነገረውን በረዶ ዛሬ «ድንገተኛ» ብለህ ብትጽፍ ተቆጣጣሪው አይቀበልህም። ስትጠቀምበትም ምክንያቱን ሎጉ (የሥራ ሰዓት መዝገቡ) ላይ ቦታውንና ሰዓቱን ጠቅሰህ ጻፍ።

ሮኪ_ሾፌር

እህቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። አንድ የቀረ ነገር፦ አደገኛ ጭነት ምልክት የተለጠፈበት ሎድ ከተሰጠህ በአይዘንሃወር ዋሻ አታልፍም፣ በላቭላንድ ፓስ (የተራራ መተላለፊያ፣ 11,990 ጫማ) ትዞራለህ። ፓሱ ሲዘጋ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ በአጃቢ በዋሻው ያሳልፉሃል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የሰዓት ሂሳብህ ውስጥ አስገባው።

መካኒክ_አውሮራ

የቀዘቀዘ የአየር ፍሬን ለማቅለጥ ስለሚጨመረው አልኮል ሰው በግል ስለጠየቀኝ እዚህ ልመልስ። የአየር ፍሬን አልኮል የጭንቅ ቀን መድኃኒት ነው እንጂ የየቀኑ አይደለም፤ የቫልቮቹን ጎማ ያደርቃል፣ የማድረቂያውንም ካርትሪጅ ያበላሻል። ተሳቢው ጨርሶ አየር አልቀበል ካለ ቀዩን ግላድሃንድ (የመኪናውንና የተሳቢውን የአየር ቱቦ የሚያገናኘውን መግጠሚያ) ፈትተህ ወደ ተሳቢው በኩል ባለው ጥቂት ጠብታ አድርግ፣ ግጠም፣ አየር ላክ። ለፍሬን ተብሎ የተሠራውን ብቻ ተጠቀም፤ የመስታወት ማጠቢያ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ የሚያፈስ አለና፣ እሱ ቫልቮቹን ሁሉ ያስቀይርሃል። የግላድሃንዱን ጎማ ቀለበቶችም አራት አምስት ትርፍ ያዝ፤ በብርድ ይደርቃሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነው።